ዱዓ የተደረገበት ወረቀት

የምነግራችሁን ነገር ግማሹን የመስጊዳችን ጀመዓ ሰምቶታል። ሌላውን ግማሽ ግን ለሚስቴም ለወንድሜም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ሁለቱንም ተናግሬ ልገላገል።

ከሚሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። እጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል፤ አልዋሽም፣ ሲሉኝም ደስ ይለኛል። በዚሁ ጽሑፌ የተነሳ ነው ከአሥር ዓመት በፊት የመስጊዳችን መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል ጸሐፊ የሆንኩት። የጨፋ ገበሬ፣ የከተማው ነጋዴ፣ ሴቱም ወንዱም ከጁምዓ ሶላት በኋላ እየተሰበሰበ ሐሳቡን ሰጠ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይናገራል፤ ብዙው ደግሞ በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። እኔ የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ሁሉንም በአማርኛ እጽፋለሁ።

እትዬ ዘሃራ የሴቶቹ አፍ ነበሩ። ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሰሙትን ግን አይረሱም። ተነስተው አንድ ነገር ጠየቁ፤ የሴቶች መስገጃ ክፍል ያለ ሴቶቹ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በደንቡ ይግባ አሉ። ጀመዓው ተስማማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ያልኩትን አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«እኛ ይህን ሁሉ ስናወራ ቆይተን አንተ ጋ ሲደርስ ምን እንዲህ ያሳጥረዋል? ወረቀት ተወደደ እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢያችን ሼህ ሰይድ እንኳ ሳቁ። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቀልድ እኮ ነው! እናት በልጇ ላይ የምትቀልደው ዓይነት። ታዲያ እኔ ምን ሆንኩ? ቂም ያዝኩ።

እኛ ዘንድ ነገር የሚታሰረው በዱዓ ነው። እጅ ተዘርግቶ፣ ሼህ ሰይድ ዱዓ አድርገው፣ «አሚን» ብለን ፊታችንን ካበስን በኋላ ወረቀቱን ማን ያነባል? ዱዓ የተደረገበትን መልሶ መመርመር ሰውን መጠርጠር ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም ተጠቀምኩበት።

ከዱዓው በኋላ ደንቡን ወደ ንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ የእትዬ ዘሃራን አንቀጽ ዘለልኩት። አልረሳሁም። ማስታወሻዬ ላይ ነበር፤ አየሁት፣ ዘለልኩት፣ የአንቀጾቹን ቁጥርም አስተካከልኩ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ አስፈረምኩ። እሳቸው ዘንድም ሄድኩ። «ዱዓ ተደርጎበታል አይደል?» ብለው አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። እኔ ነኝ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙን ያስነካሁት። እኔ ነኝ ወረቀቱ ላይ የጫንኩት። «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ መስጊዱ ሲታደስ ያ ክፍል የሲሚንቶና የቆርቆሮ መጋዘን ሆነ። ሴቶቹ ረመዳንን ግቢ ውስጥ ሸራ ሥር ሰገዱ። እትዬ ዘሃራ መጥተው «ደንቡ ላይ አለ፤ አውጡት» አሉ። ሼህ ሰይድ ፋይሉን አስመጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። የለም። አንዳንዱ «የተወራ ይመስለኛል» አለ፤ ግን የሴትዮዋ የራሳቸው ጣት አለበት፣ ማን ከወረቀት ጋር ይከራከራል? ሼህ ሰይድ ግራ ገብቷቸው እኔን ጠየቁኝ። «ያለው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» አልኩ። አንዱ ከኋላ «እርጅና ነው» አለ።

ማንም የማያውቀው ግማሽ ይኸውላችሁ። እትዬ ዘሃራ የገዛ ጣታቸውን አሻራ ትኩር ብለው አይተው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አፍረው ሲወጡ እኔ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! «አሁንስ አጠረ?» አልኩ በሆዴ።

ደስታው ግን አልበረከተልኝም። እሳቸው መስጊድ መምጣት ተዉ። በርበሬ ልገዛ ስሄድ በየወሬያቸው መሀል «ይህን ነግሬህ ነበር ልጄ፣ ወይስ አልነገርኩህም?» ማለት ጀመሩ። ያን በሰማሁ ቁጥር ሒሳቡን ከፍዬ ቶሎ እሄድ ነበር።

ዘንድሮ ደንቡ አርጅቷልና እንደገና ይሻሻል ተባለ። ሼህ ሰይድ «ጸሐፊማ አለን» ብለው ጠቆሙኝ። እትዬ ዘሃራ ሴቶቹ ለምነዋቸው መጥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ተነሳሁ። እስክርቢቶዬን አስቀምጬ ያደረግኩትን ተናገርኩ። በአማርኛ ተናገርኩት፣ በኦሮምኛ ደገምኩት። ሼህ ሰይድ ገመናዬን ሊሸፍኑልኝ «ሰው ነው፣ ይረሳል» አሉ። «አልረሳሁም» አልኩ። «እንግዲያው ሸይጧን አሳስቶህ ነው» አሉ። «የለም፣ እስክርቢቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ስድብ ጠበቅኩ። እርግማን ጠበቅኩ። እትዬ ዘሃራ ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ታዲያ እኔ አልረሳሁም ነበራ?» አሉ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? አልረሳሁም! አልሐምዱሊላህ፣ አእምሮዬ ደህና ነበር!»

እኔ የነጠቅኳቸው ክፍል ብቻ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ስብሰባ ክፍሉ ለሴቶቹ ይመለስ ተባለ፤ አሁን ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አባላቱም አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ የተጻፈው በሁለቱም ቋንቋ ለሁሉም ሳይነበብ ዱዓ አይደረግም። እኔ ጸሐፊነቱን ልተው ብል እትዬ ዘሃራ ከዘራቸውን ቀሰሩብኝ።

«የት ልትሄድ! ተቀመጥና ጻፍ። እንዳታሳጥረው ብቻ!»

ሰዉ ሳቀ። በዚህኛው እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እየወረደ። አሥር ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳልኝ። ያን ዕለት ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እትዬ ዘሃራ አፉ ብለውኛል፣ ይቅር ብለውኛል። አፉ ያሉኝ ግን ስለ አንቀጹ ነው። ሲያፍሩ ደስ ብሎኝ እንደነበር አያውቁም። አሳጥሬ ነው የነገርኳቸው፤ አሁንም አሳጠርኩ! ነገ በርበሬ ልገዛ እሄዳለሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የቀረውን እነግራቸዋለሁ። አፉ ካሉኝ አልሐምዱሊላህ፤ ካላሉኝም ሐቃቸው ነው።