አንዲት «አዎን» ይዤ ወደ ጥርባ

ዳንግላ፣ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ስልክ ከተቋረጠ ሳምንት ስላለፈው መልእክቱ የደረሰኝ በወረቀት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥርባ የመጣ የሰፈራችን ሰው እህቴ የሺ የጻፈችውን አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በእጄ አኖረልኝ። «አለነ አልምልም ብሏል። ሽማግሌዎቹ እስከ ነገ ነው የቀጠሩት። ከቅዳሴ በኋላ ካልማለ ደኑን ለእትዬ ጥሩ ያስረክባል፣ ከጽዋ ማኅበሩም ይወጣል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ጓደኛህም ነው፣ መጥተህ እንዲምል ምከርልን» ይላል። ጉዞዬ የተጀመረው በዚህች ወረቀት ነው። የምሄደው ግን ልመክረው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ በኩል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ይከምረዋል፣ ሣርና እርጥብ አፈር አልብሶም ውስጥ ለውስጥ እያነደደ ከሰል ያደርገዋል። ክምሩ ቀዳዳ ካገኘና ነፋስ ከገባበት ይነዳል። የጥምቀት ማግስት ከአብሮ አደጌ ከአለነ ክምር የተነሣ እሳት አጠገቡ የነበረውን የእትዬ ጥሩን ለጋ ደን በላው። እትዬ ጥሩ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ከዚያ ደን ሌላ ጥሪት የላቸውም። አለነ ያን ዕለት ለቅሶ ሄዶ ነበር። «ደህና አድርጌ ደፍኜ ነው የሄድኩት» ቢልም ያመነው የለም። «እንግዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመህ ማል» አሉት። በእኛ ዘንድ ደጃፉ ላይ ለመማል የፈራ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። አለነ ግን «ወንጌሉ ከቶ አትማሉ ይላል» ብሎ እምቢ አለ።

ያንን ጥቅስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክምሩን የከፈትኩትም እኔው ነኝ።

ያን ዕለት ከበዓል ወደ ዳንግላ ስመለስ በአለነ ክምር በኩል አለፍኩ። ሰው አልነበረም። ልጆች ሳለን ከክምሩ ግርጌ አፈሩን ቆፍረን ድንች እንጠብስ ነበር። እህቴ የሰጠችኝን ድንች ተሸክሜያለሁ፤ አማረኝ። ቆፍሬ ቀበርኩ፣ ጠብሼ በላሁ፣ ቀዳዳውንም በደረቅ ሣርና በእግሬ በገፋሁት አፈር ሸፍኜ መኪና እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አፈሩ ካልረጠበ እንደማይዝ አውቃለሁ። ወንዙ ድረስ ወርዶ ውኃ መቅዳት ግን ከበደኝ።

በማግስቱ እሳቱን በስልክ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ይኸው ሁለት ወር ሆነ። በየማለዳው በስልኬ ቡድን ውስጥ ላሉ ሠላሳ ሰዎች የዕለቱን ጥቅስ የምልክ፣ የፈጸምኩትንም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ምልክት የማደርግ ሰው ነኝ። ለዝምታዬም ጥቅስ አላጣሁለትም፤ «እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፥ እናንተም ዝም ትላላችሁ» የሚለውን አገኘሁና አጠገቡ ምልክት አደረግሁበት። ሙሴ ያንን የተናገረው ከኋላው ፈረዖን ለመጣበት ሕዝብ ነው። እኔን ማንም አላሳደደኝም።

መናኸሪያ ድረስ በጋሪ ሄድኩ፤ ሠላሳ ብር። ጋሪ ነጂው ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር ሲያየኝ «መምህር፣ ዛሬ መንገዱ ደስ አይልም፤ እዚሁ ቢያስቀድሱ ይሻልዎታል» አለኝ። ቢሻለኝ ኖሮ ደስ ባለኝ። ሚኒባሱ ዘጠኝ ሰው ይዞ ይሙላ አይሙላ ሲል አንድ ሰዓት ሆነ። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። ዓይኔን ከሰዓቴ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

አዲስ ቅዳም፣ 1 ሰዓት ከ50

የትናንቱ ገበያ እብቅና የጎመን ቅጠል አሁንም መንገዱ ላይ አለ። ከግራም ከቀኝም ከሰል የሞሉ ጆንያዎች አናታቸው በሣር ተደፍኖ ተደርድረዋል። ሌላ ጊዜ አገሬ ደረስኩ የምለው እነሱን ሳይ ነበር። ዛሬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ሾፌሩ ከአንድ ሰው ጋር በመስኮት ተነጋገረና ሞተሩን አጠፋ። «ከዚህ በላይ አልሄድም። ከቆሰበር በፊት ኬላ ላይ መኪና እየመለሱ ነው» አለ። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ዘንድሮ እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም። አጠገቤ የነበሩት እናት ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ገዝተው አንዱን ዘረጉልኝ።

«እማማ፣ ቅዳሴ አልወጣም» አልኩ።

«ለመንገደኛ ይፈቀዳል፣ ልጄ። ፊትህ ልክ አይደለም።»

ጾሙን አክብሬ መሰላቸው። ድንቹ ነበር ያስጠላኝ።

አንድ ባጃጅ ነጂ በጥርጊያው መንገድ እስከ ቆሰበር እንደሚወስድ ነገረን። የጠየቀው ዋጋ ሚኒባሱ ከሚያስከፍለው አራት እጥፍ ነው። ሦስት ሆነን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሲነሣ ዞር ብሎ «ከጠየቋችሁ ለቅሶ ነው በሉ። ለለቅሶ ሰው አይከለክሉም» አለን። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ።

ኬላው፣ 2 ሰዓት ከ45

ገመድ የተሻገረበት ቦታ ደረስን። መሣሪያ የያዙ አራት ሰዎች ነበሩ። ውረዱ ተባልን። መታወቂያ ታየ፣ ኪስ ተፈተሸ። አንዱ፣ ከእኔ በጣም የሚያንስ፣ ድምፁ የሻከረ ጠባቂ ወደ እኔ መጣ።

«ወዴት ነው?»

«ጥርባ፣ ለቅሶ።»

«ማን ሞቶ?»

ስም ፈለግሁ። በሕይወት ካለ ሰው ስም በቀር አንድም አልመጣልኝም። ልጁ ቦርሳዬን ወስዶ ከፈተው። መጽሐፍ ቅዱሱን አክብሮ ወደ ጎን አደረገና ደብተሬን ገለጠ። ገጹ ሁሉ «ማቴ 5፥37»፣ «ዘጸ 14፥14»፣ «ያዕ 5፥16» እያለ ይወርዳል፤ ከየቁጥሩ ፊትም ምልክት አለ።

«ይህ ምንድን ነው? የምን ቁጥር ነው የምትጽፈው?»

ጓደኞቹ ቀና አሉ። ባጃጅ ነጂው ከኋላዬ አንዴ ሳለ። በቁጥር የተሞላ ደብተርና ሰው ያልሞተበት ለቅሶ ይዞ ኬላ ላይ መቆም ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሰብኩ።

«የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው» አልኩ። «ማለዳ አነባለሁ። ማታ ደግሞ የፈጸምኩትን ምልክት አደርግበታለሁ።»

መጽሐፍ ቅዱሱን አነሣ። ማቴዎስ አምስትን እስኪያገኝ ብዙ ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ነገር ግን ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን...» ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ፈጽሜያለሁ ብለህ ነው ምልክት ያደረግህበት?»

«አዎ።»

«አሁን ለቅሶ ነው አላልከኝም?»

ሁለት ወር ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ በኬላ ጠባቂ አፍ መጣ። አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። «የሞተ የለም» አልኩት። «አንድ ሰው በእኔ ጥፋት ሊፈረድበት ነው። አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ደርሼ እኔ ነኝ ማለት አለብኝ።»

ወዲያው የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። «እዚያ ቁም» ብሎ ከሚበልጠው ሰው ጋር ሊነጋገር ሄደ። እውነት ስለተናገርኩ መንገድ ይከፈትልኛል ብዬ ማሰቤ ራሱ ለእያንዳንዱ ምልክት ዋጋ የሚጠብቀው የማስታወሻ ደብተሬ በሽታ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። ከእኔ ጋር የመጡት ሁለት ሰዎች በእኔ የተነሣ ስለዘገዩ ፊታቸውን አዞሩብኝ። በመጨረሻ ልጁ ተመልሶ ደብተሬን ሰጠኝ።

«ሂድ። ያንን ምልክት ግን ሰርዘው» አለኝ።

ጥርባ፣ 4 ሰዓት ከ20

ቆሰበርን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ከዚያ የያዝኩት ሌላ ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ጣለኝና የቀረውን በእግሬ ሮጥኩ፤ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ሩጫ ከተባለ ማለቴ ነው። በጥርባ ሐይቅ አፋፍ ባለው ቀጭን መንገድ ወጣሁ። ወደ ታች አላየሁም። የተቃጠለው ቦታ በቀኝ በኩል ጠቁሮ ታየኝ፤ የዛፎቹ ጉቶ እንኳ አልቀረም። በልቤ ትንሽ እሳት አድርጌ ስስለው ነበር የኖርኩት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስደርስ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚቀርበው፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ደግሞ ሽማግሌ ቆይ አይለውም። ድንጋዩ መጠነኛ ነበር። አንገቴ ግን ወዲያው ተንቀጠቀጠ።

ሰዉ ከዋርካው ሥር ቆሟል። አለነ ጫማውን አውልቋል። ባዶ እግሩን ወደ ደጃፉ እየተራመደ ነበር፤ ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ከኋላው ትከተላለች። ለልጆቹ ሲል ሊምል መወሰኑ ገባኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እውነቱን ቢሆንም የሚምለው ጌታ አትማሉ ያለውን ሊሽር ነው፤ ለእሱ ያ ቀላል አልነበረም።

«አለነ፣ ተው። አትማል» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ደሴ ድንጋዩን አይተው እጃቸውን አነሡ፤ አለነ ቆመ። የድንቹንም፣ የቀዳዳውንም፣ ያልቀዳሁትን ውኃም፣ ሁለት ወር ዝም ማለቴንም ተናገርኩ። በክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን ድምፄ አንሶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ተነጋገሩ። እሰማለሁ፤ «ጓደኛውን ሊያድን የፈጠረው ነው» ይላል አንዱ። ከዚያ አያ ደሴ በአማርኛ፣ «መምህር፣ ይህን ማንም አላየም። አለነን ልታወጣው እንዳልመጣህ በምን እናውቃለን? በል፣ ደጃፉ ያው፤ አንተ ማል» አሉኝ።

እዚህ ድረስ ስመጣ ያላሰብኩት ይህንን ነው። ብምል አበቃ፣ አለነ ነፃ ነው። ብምል ደግሞ እሱ ሁለት ወር የተሰቃየበትን ቃል፣ ራሴ ያስተማርኩትን፣ ፊቱ ላይ ረገጥኩት ማለት ነው።

«አያ ደሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልምልም። ክምሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም።»

ማጉረምረም ተነሣ። «እሱም ፈራ» ያለ ሰው ሰማሁ። ሁለታችንንም ያጠፋሁ መሰለኝ፤ እሱንም፣ እኔንም።

ያን ጊዜ አለነ ባዶ እግሩን እንደቆመ ተናገረ። «እኔ አምኜዋለሁ። አዎን ካለ አዎን ነው።»

የእሱን እውነት ያለ መሐላ የተቀበለው ሰው አልነበረም። የእኔን ግን ያለ መሐላ የተቀበለው እሱ ነው። አያ ደሴ በምርኩዛቸው መሬቱን ነካ አድርገው «የተበደለው ካመነ እኛ ምን እንላለን» አሉ።

ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ጥሩ ተነሡ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልፈውኝ ወደ አለነ ሄዱና ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ደግፎ አነሣቸው። «ሁለት ወር ሰላም ሳልልህ ኖርኩ» እያሉ አለቀሱ። ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለ ሰው ነውና እኔ ያው እንደተሸከምኩ ቆየሁ። ቆይተው መጡ።

«አውርደው» አሉኝ። «አንገትህ ቢሰበር ዛፌ አይበቅልልኝም።»

ፍርዱ አጭር ነበር። ክረምት ሲገባ ችግኙን እኔ አመጣለሁ፣ በሠራተኛ ሳይሆን በእጄ እተክላለሁ፣ የተቃጠለውን ያህል እስኪያድግም እየመጣሁ አርማለሁ። ፍርዱን ራሴ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ያነሰ በፈረድኩ ነበር።

ሰዉ ሲበተን አለነ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አጠለቀ። አጠገቡ ቆምኩ።

«ድንቹስ በስሎ ነበር?» አለኝ ቀና ሳይል።

«መሐሉ ጥሬ ነበር።»

አልሳቀም። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። «እሳቱን እችለዋለሁ» አለ። «ኔትወርክ እስኪጠፋ ድረስ በየማለዳው ጥቅስ ትልክልኝ ነበር። እሱን ነው ያልቻልኩት።» ተነሥቶ ሚስቱን ተከተለ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም ልጠይቀው አፌ አልደፈረም።

ዳንግላ፣ ማክሰኞ

መንገዱ ሲከፈት ሰኞ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ኬላው ላይ ሲቆም ያንን ልጅ በዓይኔ ፈለግሁት፤ አልነበረም። ደብተሬ ላይ ግን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰርዤ ነበር። ጥቅስን ለሌላ ሰው መላክና ጥቅስ ይዞ መንገድ መውጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሁን አውቃለሁ። አለነ ደብተር የለውም። አንዲት ጥቅስ ሰማ፣ ደኑን ሊያጣባት ቆመ።

ማክሰኞ ጠዋት ኔትወርክ መጣ። ስልኬ ለረጅም ጊዜ ጮኸ፤ «መምህር፣ ጥቅሱ ቀረብን»፣ «መምህር፣ ደህና ነህ?» የሚሉ መልእክቶች ናቸው። ጥቅስ አልላክሁም። የጥምቀት ማግስት ያደረግሁትን፣ ሁለት ወር የደበቅሁትን፣ እሑድ የሆነውን እንዳለ ጻፍኩና ለሠላሳዎቹ ላክሁት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እስከ ቀትር ዘጠኝ ሰዎች ከቡድኑ ወጡ። አለነ አልወጣም።