የትኛው ቀበሮ? በአባቴ ጠመንጃ አንድ ቅዳሜ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከንጋቱ 11፡30

የአባቴን ጠመንጃ ባዶውን በተቆለፈ ሣጥን ከመኪናዬ ኋላ ጭኜ ወጣሁ። ሁለት አፈሙዝ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበበት ነው። ላይኛው አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ታችኛው እንደ ሾትገን ጥቃቅን እርሳስ ይረጫል። አባቴ ለዓመታት ካዮቲ የሚሉትን የዚህን አገር ግልገል በላ አውሬ ያደነበት፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ካዮቲ የሳተበት ጠመንጃ ነው። ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ጠመንጃውን የአደን ጓደኛው ለነበሩት ለጋሽ መኩሪያ ልሰጣቸው ነው የምሄደው። እሳቸው ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ መጀመሪያ አብረን ማነጣጠሪያውን እናስተካክላለን፣ አንድ ቀን አብረን እናድንበታለን፣ ከዚያ የባለቤትነት ማዛወሪያ ወረቀቱን በጠመንጃ ሱቅ በኩል እንጨርሳለን። እሺ ብዬ ልገላገል አሰብኩ።

«ዲሲን እንዳትረግጥ፣ የዚያ የጠመንጃ ሕግ ሌላ ነው» ብለው ማታ ኮል አድርገውልኝ ነበር። ስለዚህ ከተማውን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ በምዕራብ በኩል ዞርኩ። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው። ወንዙን ስሻገር ሰማዩ ገና መቅላቱ ነበር።

አሌክሳንድሪያ፣ ጧት 1 ሰዓት

ጋሽ መኩሪያ በአገር ቤት የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል። ቀኝ ዓይናቸው በሕመም ከጠፋ ወዲህ መንዳቱም መተኮሱም ቀርቷል። እጃቸው ግን ያው እጅ ነው። ቤዝመንታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ የጥይት መሙያ፣ የወርቅ ሠሪ የሚመስል ሚዛንና በየመጠኑ የተደረደረ ቀለህ አለ።

ከአባቴ ዕቃ መሀል ያገኘሁትን የጥይት ሣጥን አወጣሁ። ክዳኑ ላይ በዚያ ወደ ግራ በሚያጋድል ጽሕፈቱ «ለቀበሮ» ብሎበታል። ሁሉም ራሱ የሞላቸው ናቸው።

«ስንት ባሩድ እንደጨመረባቸው ጽፏል?» አሉኝ።

«አልጻፈም።»

«እንግዲያው አይተኮስም። ልጠይቀው የማልችለው ሰው የሞላውን ጥይት አልተኩስም።»

መዶሻ በሚመስል መንቀያ እየመቱ እርሳሱን ከየቀለሁ አላቀቁ። የአባቴን ባሩድ በስኒ ሰብስበው በጓሮ በር ወጡና ሣሩ ላይ በተኑት። «ለሣር ጥሩ ማዳበሪያ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። እኔ ሆዴ ባባ። የቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ከዚያ በዚያው ቀለህ አዲስ ጥይት ሞላን። መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅተኛ ልክ ጀምረው፣ ባሩዱን በሚዛን እየለኩ፣ በሦስት ዓይነት መጠን አዘጋጁ። ሚዛኑን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ደግመው ይጠይቁኛል። «ይሄ በመሀሉ የሚሰበር ሽማግሌ ጠመንጃ ነው፤ እንደ እኔ ኃይለኛ ነገር አይስማማውም» አሉ።

የኢላማ ሜዳ፣ ጧት 4 ሰዓት

በርክ የምትባለውን ሰፈር አልፈን ገጠር ገባን። ስኮፑን፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ገጥመን መቶ ያርድ ላይ ወረቀት ሰቀልን። የመጀመሪያው ዓይነት ጥይት ወረቀቱን ወንፊት አደረገው። ሁለተኛውም አልረባም። ከሦስተኛው ዓይነት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ተጠጋግተው መቱ፤ ሦስተኛዋ ወደ ላይ ሸሸች።

«አየህ? ብረቱ ሲሞቅ ሁለቱ አፈሙዞች ይጎታተታሉ። ለአደን የምትቆጠረው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። ቁጭ በል፣ ይቀዝቅዝ።»

ጾም ነውና ስንቃችን ቆሎና ቴምር ነበር። በየጥይቱ መሀል ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን።

«አባቴም እንዲህ ይጠብቅ ነበር?»

«አባትህ? መጠበቅ አያውቅም። ምላጩ ሁለት ነው አይደል? የፊተኛውን ሊስብ የኋለኛውን ይስብና ያንን ሁሉ እርሳስ ዛፍ ላይ ያራግፈዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ዛፉን ይሰድበዋል።»

ሁለታችንም እስኪያስለን ሳቅን። ይሄን አባቴን አላውቀውም ነበር። እኔ የማውቀው ደክሞት ከሥራ የሚገባውን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ «ና እንሂድ» ሲለኝ ሁሌ ሰበብ ነበረኝ። ይቆጨኛል።

የሚስተር ዋልተር እርሻ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሚስተር ዋልተር ለፋሲካ ፍየል ለአበሻ የሚሸጥ ገበሬ ነው። በዚህ ወር ፍየሎቹ ይወልዳሉ፣ ካዮቲ ደግሞ ግልገሎቹን ይጨርስበታል። ለጋሽ መኩሪያ ማደኛ የቀራቸው ይሄ እርሻ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ተሽጠው ቤት ተሠርቶባቸዋል።

ሰውየው ግን በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር።

«ፎክስ ልንገድል እንመጣለን ብላችሁ ደውላችኋል። እኔ እርሻ ላይ ፎክስ አይገደልም» አለ።

ጋሽ መኩሪያ ግራ ገባቸው። «ቀበሮ ልንገድል ነው እንጂ ሌላ ምን አልኩት?» አሉኝ በአማርኛ።

ያኔ ገባኝ። ለእኛ ፎክሱም ካዮቲውም ቀበሮ ነው። እሳቸው በሐሳባቸው ቀበሮ ብለው በአፋቸው ፎክስ አሉት። ሚስተር ዋልተር እንደነገረኝ ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሞታለች። ታማ በተኛችበት በመስኮት የምታያት አንዲት ቀይ ቀበሮ ነበረች፤ አሁንም ማታ ማታ በሜዳው ታልፋለች። የቃሉን መምታታት ሳስረዳው እጁን ፈታ።

«ካዮቲውን ውሰዱልኝ። እሷ ከተነካች ግን ሁለተኛ እዚህ በር አትመጡም።»

የድርቆሽ ጥቅል ሥር፣ ምሽት 12 ሰዓት

ከድርቆሽ ጥቅል ጀርባ ተቀመጥን። ጠመንጃው እኔ እጅ ነው። ጋሽ መኩሪያ ካዮቲውን ለመሳብ የተጎዳ ጥንቸል ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካ እየነፉ በግራ ዓይናቸው ሜዳውን ይቃኛሉ። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው።

ድንገት ጉልበቴን ጨመቁት።

«ቀበሮ!»

«የትኛው?»

«ቀበሮ ነው የምልህ! ከአጥሩ ሥር! ተኩስ!»

«የትኛው ቀበሮ ጋሼ?»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ! ቀበሮ!»

በስኮፑ ፈለግኩት። ጥላ ነው፣ ጆሮ ነው፣ ወደኛ ይመጣል። ጣቴ የፊተኛው ምላጭ ላይ ነበር። እንስሳው ዞር ሲል ጅራቱ ታየኝ፤ ወፍራም፣ ጫፉ ነጭ፣ የቀይ ቀበሮ ጅራት።

ጣቴን አነሳሁ። «እሷ ናት።»

ጋሽ መኩሪያ ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። ቀበሮዋ ትንሽ አሽትታ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ቤቱ በኩል ሄደች። «አልለየኋትም። እሷን ልታስገድለን ነበር ዓይኔ» አሉ። ጠመንጃውን ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት።

እስኪጨልም ጠበቅን፤ ካዮቲ አልመጣም። ጥይቱን አውጥተን ባዶ እጃችንን ስንመለስ ሚስተር ዋልተር በሩ ላይ ነበር።

«በእናንተ በኩል አለፈች?»

«አልፋለች» አልኩት።

ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ የእርሻውን በር ቁልፍ መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈልን። «ሁለተኛ መደወል አያስፈልጋችሁም» አለ።

አሌክሳንድሪያ፣ ምሽት 2 ሰዓት

ቤታቸው በር ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ስለ ወረቀቱ መቼ ሱቅ እንደምንሄድ ጠየቅኳቸው።

«የምን ሱቅ? ዓይን የሌለው ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?» አሉ። የመኪናውን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። «ደግሞ ይሄን ቀበሮ የሚሉትን ቃል እንተወው፤ አጣልቶን ነበር። እሷን እሜቴ እንላታለን። ካዮቲውን ሌባው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ቅዳሜ ሌባው ካልኩህ የትኛው ብለህ እንዳትጠይቀኝ።»

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኳቸው።