የአብዱናሲር የማሸጊያ ገበታ

ሸዋወርቅ ባሏ ገሠሠ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ የቀረባት ሴት ነበረች። መርዶም አልመጣላት፣ በሕይወት አለ የሚልም አልተገኘ። ጎረቤቶቿ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ቢሏትም እንባው እምቢ አላት። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው የሳሙና ሠሪዎች ማኅበር የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። ምሳ ምን በላሽ ቢሏት የምታስታውስ አይመስልም።

በ1974 ዓ.ም. ጎረቤቷ እማማ ፋዲላ ልጃቸውን አብዱናሲርን ይዘው ማኅበሩ ደጃፍ ቆሙ። አብዱናሲር ሃያ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚል ሰው ነው። ነገር ግን ቶሎ አይገባውም። ፊደል ሊይዝለት አልቻለም፤ መቁጠር ሲጀምርም መሐል ላይ ይጠፋበታል። ሰፈሩ «የዋሁ» እያለ ይጠራዋል።

«እኔ ስሞት ማን ያበላዋል? አንድ ሙያ ይኑረው እንጂ ልጄ» አሏት እማማ ፋዲላ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አስፋው «ይሞከር» አለና ለእሷ ሰጣት።

ሙከራው አላማረም። አብዱናሲር አንዱን ካርቶን አጉድሎ ያሽጋል፣ ሌላውን እስኪቀደድ ያጭቀዋል። የሳሙናው ማኅተም ከላይ መሆን ሲገባው ግማሹ ተገልብጦ ይገኛል። ሠራተኞቹ ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቅና ቆይቶ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ይደብቃል። ሸዋወርቅ አልተቆጣችም፣ አላባበለችም። ሣጥን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ዝም ብላ እጁን አየች። እጁ ፈጣንና ጠንቃቃ ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር ብቻ ነው የጠፋው።

ገሠሠ አናጢ ነበር። ከሄደ ወዲህ ያልተከፈተውን የዕቃ ሣጥኑን ከፍታ መጋዙንና መሮውን አወጣች። ስትነካቸው አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም። ከተጣለ ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ ሳሙና አንድ ጎድጓዳ ያለው ገበታ ሠራች። ጎድጓዳው ሁሉ ሲሞላ ካርቶኑን ከላይ ደፍቶ መገልበጥ ነው፤ መቁጠር የለም።

ብዛቱ ተስተካከለ። ማኅተሙ ግን እንደ በፊቱ ይገለባበጣል።

«ምኑ ነው ያስቸገረህ?» አለችው።

አብዱናሲር ሳሙናውን አገላብጦ አየው። «ወዲህም ይገባል፣ ወዲያም ይገባል፣ እትዬ ሸዋዬ።»

እውነቱን ነው። ስህተቱ የገበታው እንጂ የእሱ አልነበረም። የማሽን ጠጋኙን ጉተማን ጠርታ፣ እያንዳንዱ ሳሙና አንድ ማዕዘኑ ተቆርጦ እንዲወጣ ቅርጽ ማውጫውን እንዲያስተካክልላት ለመነችው። ጉተማ «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ በሞረድ ሠራላት። እሷም ጎድጓዶቹን በዚያው ልክ ጠረበቻቸው፤ ታቻቸው ላይም ስስ ቆርቆሮ አነጠፈች። አሁን ሳሙናው ማኅተሙን ወደ ታች አድርጎ በትክክል ካልሆነ በቀር አይገባም። ሲገባ ቆርቆሮው ቀጭ ይላል። አብዱናሲር ቀጭ ባለ ቁጥር «ገባ» ይል ጀመር። ውሎ አድሮ ሌሎቹም ሠራተኞች ለእኛም ይሠራልን አሉ። ከሱ ጋር የሚስቅ እንጂ በሱ የሚስቅ ጠፋ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ማኅበሩም ከወጣት ሠራተኞቹ ምልምል እንዲያቀርብ ታዘዘ። አብዱናሲር ዕድሜው ይፈቅዳል፣ አካሉ ሙሉ ነው፣ ሥራም ላይ ነው።

ሸዋወርቅ ቀበሌ ሄደች። «ይህ ልጅ ቀኝና ግራውን አይለይም» አለች።

«ጓድ፣ ካርቶን ያሽግ የለም?» አላት ተመራጩ፣ በትሕትና። «ካርቶን ያሸገ ጥይት ማቀበል አያቅተውም።»

መኪናው ወደ ሞጆ አቅጣጫ ሲወጣ አብዱናሲር ከላይ ሆኖ ለሁሉም እጁን ያወዛውዝ ነበር። እማማ ፋዲላ አቧራው እስኪተኛ ቆሙ።

«ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?» አሉ። በቁጣ አልተናገሩትም። ሸዋወርቅ ቤቷ ገብታ ተቀመጠችና ያ ቃል እስኪያማት ጠበቀች። አላመማትም። ተነሥታ ልብስ አጠበች።

ከዓመት በላይ ቆይቶ መለሱት። የቆሰለ አካል አልነበረውም፤ ፈገግታው ግን አብሮት አልተመለሰም። ማኅበሩ ተቀበለው። ገበታው ፊት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ሳሙና ሲያስገባ ቆርቆሮው ቀጭ አለ፤ አብዱናሲር ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ። ማንም አልሳቀም። ሸዋወርቅ ሌሎቹን ወደ ግቢው አስወጣችና እሱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ድምፁ» አላት በመጨረሻ።

በማግሥቱ ሞጆ ሄዳ ከቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ቁርጥራጭ ቆዳ ለመነች። ቆርቆሮውን ነቅላ ቆዳውን አለበሰችበት። ገበታው ዝም አለ። ግን ድምፁ ሲጠፋ አብዱናሲር ሳሙናው መግባት አለመግባቱን የሚያውቅበት አጣ። ስለዚህ በትክክል የገባ ሳሙና ከገበታው ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሆን ጎድጓዶቹን እንደገና ጠረበች። እጁን ያዘችና መዳፉን በገበታው ላይ አሳለፈችለት። ጎርበጥ ካለው አልገባም፣ ልስልስ ካለ ገብቷል። ለመልመድ ወራት ፈጀበት። ለመደው። ሳይናገር ይሠራ ነበር።

አንድ እሑድ እማማ ፋዲላ ሸዋወርቅ ቤት መጡና ደጃፉ ላይ አብረው ተቀመጡ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሣ ይጥላል።

«እናቱ እኔ ነኝ። አንቺ ለምን ይሄን ያህል ደከምሽለት?» አሏት።

ሸዋወርቅ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። «እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው፣ እማማ።»

እማማ ፋዲላ አላመኗትም። እሷ ግን የመሰላትን ነበር የተናገረችው።