ለገብስ ዘመቻ፣ ለማሽላ ቀሪ

እስቲ ይቺን ስሙኝ። በቀደም ደብረ ሲና መኪና ስናራግፍ አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ጥንቅሽ ትሸጣለች። አንዱን አንስቼ በጥርሴ ላጥኩት። ያ ጣፋጭ ውሃ ምላሴን ሲነካው ማኘኬን ትቼ ቆምኩ። ረዳቱ አነቀህ እንዴ ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አላነቀኝም። ሰዒድ ነው ትዝ ያለኝ።

ልጅ እያለሁ አንኮበር አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነበር የምማረው። ስሙን አልጠራውም፤ የተማረበት ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ ሰሌዳውን ያረጥበውና ጠመኔው አልጽፍ ይላል። ክፍሉ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ልጅ ነበር። እኛ ደገኞቹ የቄስና የገብስ ገበሬ ልጆች ነን። ከአልዩ አምባ በኩል፣ ከቁልቁለቱ ሥር የሚመጡት ደግሞ የነጋዴና የማሽላ ገበሬ ልጆች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም እስላሞች። እነሱ መንደር ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ መማር ያማረው ወይ በየቀኑ ዳገቱን ይወጣል ወይ ደጋ ላይ ሰው ቤት ይቀመጣል።

ሰዒድ እኛ ቤት ነበር የሚቀመጠው። አባቴ ቄስ ነው፤ ከሰዒድ አባት ከጋሽ ሁሴን ጋር የገበያ ወዳጆች ናቸው። ሥጋ በተሠራ ቀን እናቴ ለሰዒድ ለብቻው እንቁላል ትጠብስለታለች። እኔ ሥጋዬን ይዤ በእንቁላሉ እቀና ነበር። ከትምህርት ስንመለስ ድንች እየቆረጠ ክፍልፋይ ያስረዳኛል፤ ሲያልቅ ድንቹን ቀቅለን እንበላዋለን። እሱ ሁሌ አንደኛ ነው። እኔ በሱ ጉልበት አምስተኛ ስድስተኛ እላለሁ።

ጥቅምት ሲገባ ግን የቆላዎቹ ወንበር ባዶ ይሆናል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል። ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ካልጠበቀ ለዓመቱ የሚበላ የለም። እኛስ? ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋና ማጭድ ይዘን፣ እየዘመርን የገበሬ ማኅበሩን ገብስ እናጭዳለን። አስተማሪዎቹም አብረውን። ይሄ የአጨዳ ዘመቻ ነው የሚባለው፤ ሳምንት ሙሉ ክፍል ሳንገባ አንዳችንም ቀሪ አንባልም። ያኔ ነገሩ አልገረመኝም። ልጅ ነኛ።

ስድስተኛ ስንደርስ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና አለ። ሰውዬው ቢሮው ግድግዳ ላይ በቀለም የተሰመረ ትልቅ ሰንጠረዥ ሰቀለ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ደጋ፣ ቆላ፣ ያለፈ፣ የወደቀ፣ ያቋረጠ። የፊተኛው ዓመት ብዙ ልጅ ወድቆ ትምህርት ቤታችን አውራጃው ስብሰባ ላይ ተዋርዷል አሉ፤ ከወደቁት የበዙት ደግሞ ቆለኞቹ ናቸው። ያቋረጠ ከወደቀ ጋር አይቆጠርም። የዚህ ሒሳብ ብልሃት የገባኝ ግን ከረፈደ ነው።

የክፍሉ አለቃ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አዲሱ ዳይሬክተር ጠራኝና ከታች ከሚመጡት የቀሩትን ጽፈህ አምጣ አለኝ። ደስ አለኝ። የድሮው ዳይሬክተር እንዲህ ሲያስጽፍ ልጆቹ ከማሽላ ጥበቃ ሲመለሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ያመለጣቸውን ሊያስተምራቸው ነበር። በእኔ ቤት ለዚያ ነው። ቁጭ ብዬ በቆንጆ ጽሕፈት ዘጠኝ ስም ጻፍኩ። የሰዒድን ከሁሉም በላይ አደረግኩት፣ እንዳይረሳ ብዬ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሰዒድ መጣ። ፀሐይ አክስሎታል፤ ትከሻው ላይ ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ እስር ጥንቅሽ ተሸክሟል። ባንዲራ እንደተሰቀለ ዳይሬክተሩ ወረቀቴን አወጣና ዘጠኙን ስም እያነበበ ከሰልፉ ለያቸው።

“አቋርጣችኋል። ወደየቤታችሁ።”

ሰዒድ ጥንቅሹን እንደተሸከመ፣ “ጋሼ፣ ይኸው መጥቻለሁ እኮ። የመጣ ሰው እንዴት አቋረጠ ይባላል?” አለ።

ልጁ ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም።

በማግስቱ ጋሽ ሁሴን ዳገቱን ወጥተው ከአባቴ ጋር ቢሮ ገቡ። እኔም ስም መጥሪያውን ይዘህ ና ተብዬ ውስጥ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ልጁ ከሚፈቀደው ቀን በላይ ቀርቷል ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ጋሽ ሁሴን የደጋው ልጅስ ገብስ ሲያጭድ ሰንብቶ የለም ወይ ሲሉት፣ ያ ዘመቻ ነው፣ የእናንተ ግን የግል ሥራ ነው አለ።

“ጓድ፣ እኛም በማኅበር የታቀፍን ነን” አሉ ጋሽ ሁሴን። “ወላሂ፣ ወፏ ይሄ የማኅበር ይሄ የግል ብላ አትለይም።”

አባቴ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ከዚያ ጋሽ ሁሴን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፈተናውን ብቻ ይቀመጥ፣ ሌላ አልጠይቅም ብለው ለመኑ። አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው አለ አባቴም። ሰውዬው የተሰረዘ ተሰርዟል ብሎ መዝገቡን ዘጋ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሰዒድ እኛ ቤት ብርድ ልብሱን ሲጠቀልል ቀና ብሎ፣ “ስሜን ማን ነው የጻፈው?” አለኝ።

“እንጃ።”

ጥንቅሹን ለክፍሉ አካፍልልኝ ብሎኝ ቁልቁለቱን ወረደ። አላካፈልኩም። አልጋ ሥር ደርቆ እናቴ ማገደችው።

ፈተናውን የተቀመጥነው በሙሉ አለፍን። ለሰውዬው አውራጃ ላይ ተጨበጨበለት። እኔ ክፍልፋይ የሚያስረዳኝ አጥቼ ስምንተኛ ላይ ቀረሁ፤ ይኸው ጆንያ እሸከማለሁ። ግን ስምንተኛ እስክደርስ ተማሪ ነው ተብዬ ማንም አልነካኝም። ሰዒድን ተማሪ አይደለም ብለው ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ አፈሱት። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ለዚያው ትምህርት ቤት ወንበር ጭነን ሄድን። የድሮ መፈክሩ በኖራ ተለቅልቋል። ጉሙ አለ፣ ሽታው አለ። ሰንጠረዡም አለ፤ ቀለሙን ብቻ አድሰውታል። ያራገፍነው ወንበር ለማን እንደሆነ እንጃ፣ የቆላዎቹ ቦታ ባዶ ነበር። ታች ማሽላው ደርሷላ።

እኔ አንዲት ወረቀት ነው የጻፍኩት፤ እሷው ይኸው እስከዛሬ እንቅልፍ ነስታኛለች። እናንተ መዝገቡን የያዛችሁት ግን፣ ለእኛ ገብስ ትምህርት ቤቱን እንዳለ ስትዘጉ፣ ለነሱ ማሽላ አንዲት ወንበር ማቆየት ነው ያቃታችሁ?