በወንድሜ ስም የተጻፈው ቤቴ

"ይህን ቤት አባታችን በወጣትነቱ ነው የገዛው" አለ የወንድሜ ልጅ። ዛሬ፣ በአባቱ ተዝካር ላይ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

ውሸት ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ።

(በአንድ ጣት እየለቀምኩ ነው የምጽፈው፤ ለፊደል ስህተት ይቅርታ። ለቁጣዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።)

በንጉሡ ጊዜ አሰላ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ፤ ገና አላገባሁም። ከደመወዜ አጠራቅሜ፣ በበቆጂ መውጫ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ልገዛ ከባለቤቱ ጋር ተስማማሁ።

በውሉ ቀን ሽማግሌው ባለቤት ምስክሮቹን ሰብስበው "ልጄ፣ ወንድ የለሽም?" አሉኝ።

"ገንዘቡ የኔ ነው፣ አባባ።"

"ይሁን። ግን ለሴት ሸጠ ተብዬ መሳቂያ አልሆንም። ወንድምሽን ጥሪ።"

ታናሼ ከሁሩታ መጥቶ ፈረመ። "እታለም፣ ቤቱ ያንቺው ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የኔ" አለኝ። አመንኩት።

ሲያገባ ሙሽሪትን ይዞ ቤቴ ገባ። እኔ ኪራይ ቤት ወጣሁ። እነዚያ ምስክሮች አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ዛሬ ተነሣሁና በቄሱም በጎረቤቱም ፊት "አባትህ ፈረመ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ልጁ "እትዬ፣ እዚህ መሐል?" አለ።

የድሮ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ከሴቶቹ መሐል "ሐቅ ነው" አለች። "ግድግዳውን ስትመርግ ጭቃ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።"

ልጁ አቀረቀረ።

በእናንተስ ቤት እናት ወይ አክስት ገዝታ በወንድ ስም የተጻፈ የለም? የሷን ስም እዚህ ሥር ጻፉልኝ።