ከፊቱ የሚያነሳ ሰው

ካርታዬ ምድጃ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ፍርዱን የሰጠችው ባለቤቴ ናት። ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ፤ የምሠራውን ነገር ፊታቸው እሠራለሁ። «ምትሃት ነው» ካሉ ሃምሳ ሁለቱንም ካርታ እሳት ይበላዋል፤ «አይደለም» ካሉ ይተርፋል። ይግባኝ የለም። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ይግባኝ የሚባል ነገር እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔ ያላስተማርኩት ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ጡረታ ስወጣ ጉልበቴ ለእርሻ፣ ትዕግሥቴ ለሽምግልና አልሆን ስላለኝ ልጄ በላከችልኝ ስልክ ላይ በካርታ ጉድ የሚያሳዩ ሰዎችን ማየት ጀመርኩ። እንግሊዝኛቸው ስለሚፈጥንብኝ ድምፁን አጥፍቼ እጃቸውን ብቻ ነው የማየው። አንዱ ካርታውን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ሌላው ደስ ያለውን ይመዛል። የመዘዘው ግን ዘርጊው አስቀድሞ ያሰበለትን ሆኖ ይገኛል።

ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከሃምሳ ሁለት ካርታ አንዱ የመውጣት ዕድሉ አንድ ለሃምሳ ሁለት ነው» ብዬ አስተምሬያለሁ። የሚገርመው ካርታ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። እንግዲህ የሰው እጅ እንደፈለገ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላው ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚነዳው? ሰው እኔ ያሰብኩትን ካርታ ሳያውቅ እንዲይዝ ማድረጉን «ማስያዝ» ብዬ ሰየምኩትና ካርታ ገዝቼ ልምምድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ተማሪዬ፣ ወይም የመጀመሪያው ተሰቃዬ፣ ጡረተኛ ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከማርቆስ ደምበጫ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት የማይጠፋ ሰው ነው። ስልኬ ላይ እንዳየሁት የምፈልገውን ካርታ፣ ልብ ሰባትን፣ መሃል ላይ አድርጌ ዘረጋሁለት። ሰውዬው እጁን ሲሰድ ካርታዋን በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ ከጣቶቹ ጋር ማገናኘት ነበረብኝ። እሱ ግን ወደ መሃል ድርሽ አላለም። ጠርዝ ላይ ያለችውን፣ ለሱ የምትቀርበውን አነሳ።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም።»

«ታዲያ የትኛዋን እንድወስድ ፈልገህ ነው? ንገረኝና ልውሰድልህ።»

ልብስ ሰፊውን ሞከርኩት፤ ጠርዝ። ከሮብ ገበያ ድንች ይዞ የሚመጣውን ነጋዴ ሞከርኩት፤ ጠርዝ። በስልኩ ላይ ሁሉም ከመሃል ነው የሚመዙት፤ እዚህ አንድም ሰው ወደ መሃል አይሄድልኝም። ጥፋቱን በጣቶቼ አሳበብኩ። እውነት ለመናገር ጣቶቼ ለማሳበቢያ የሚመቹ ናቸው፤ ሁለቱ ያለ ፈቃዴ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ በፈቃዴም አይንቀሳቀስ።

ምስጢሩ የተገለጠልኝ ተዝካር ቤት ነው። ከሹፌሩ ጋር ሆነን አንድ ገበታ ከበን እየበላን ነበር። ቁልጭ ያለ ሥጋ መሃል ላይ ተቀምጧል። ስድስታችንም እናየዋለን፤ ስድስታችንም እንደማናየው ሆነን እያንዳንዳችን ከፊታችን እንቆርሳለን። አሳላፊው መጥቶ «ብሉ እንጂ» ብሎ ሥጋውን እስኪያከፋፍለን ድረስ ማንም እጁን አልሰደደም። እኔ ጉርሻዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ምነው፣ አጥንት ገባብህ?» አለ ሹፌሩ።

«ሌላ ነገር ነው የገባኝ።»

ሕፃን ሆነን «ከፊትህ ብላ» እየተባልን በእጃችን ጀርባ ላይ እየተመታን ያደግን ሰዎች ነን። ያ እጅ ሽማግሌ ሆኖ ካርታ ቢዘረጉለትም አይረሳም። ጨዋ ሰው ከሩቅ አያነሳም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ሕዝብ በስልክ ውስጥ ባሉ የባዕድ አገር ሰዎች ገበታ ላይ ላስቀምጠው ስታገል ከርሜያለሁ። አንድ ለሃምሳ ሁለት ብዬ ያስተማርኳቸውን ልጆች ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል እያልኩ አሰብኩ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ልብ ሰባትን ጠርዝ ላይ፣ ከሰውዬው ፊት ማድረግ ጀመርኩ። ተያዘ። አጥብቆ የተያዘው በጎረቤታችን ሴትዮ ላይ ነው። ባለቤቴ በሌለችበት ዘረጋሁላቸው፤ እንደ ጨዋነታቸው ከፊታቸው አነሡ፤ «ልብ ሰባት» አልኳቸው። ካርታውን እንደ ፍም ጣሉት። ማግስቱን ጠበል ሄዱ፤ ሲመለሱ ደግሞ ለባለቤቴ «ባልሽ ሐሳቤን አነበበው» አሏት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ተናግሬያለሁ።

እንግዲህ ለቄስ የሚሆን ማስያዣ መምረጥ ነበረብኝ። ደካማውን ዘዴ ብመርጥ ይነቃብኛል፤ አጉል ሽማግሌ ሆኜ እቀራለሁ። ፍጹም የሆነውን ብመርጥ ደግሞ ምትሃት ይሆንና ምድጃው ይጠብቀኛል። እንደዚህ ያለ ፈተና ለተማሪ አውጥቼ አላውቅም።

መዘርጋቱን ተውኩት። አባ መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ነው የሚቀመጡት፤ ካርታ በግራ ይምዘዙ ማለት ነውር ነው። ሁለተኛው ዘዴ የካርታውን ጠርዝ በጣት እያንሸራተቱ «ቁም» እስኪሉ መጠበቅ ነው፤ እሳቸው ባሉበት ቦታ የቆምክ መስለህ አንተ በፈለግከው ቦታ ትቆማለህ። በሹፌሩ ሞከርኩት። ካርታው ተንሸራትቶ አለቀ፤ እሱ ዝም።

«ቁም በለኝ እንጂ።»

«መናኸሪያ ሳልደርስ አልቆምም።»

ሦስተኛው ማስቆረጥ ነው። ሰውዬው ክምሩን ከመሃል ይቆርጥና የላይኛውን ግማሽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። አንተ የቀረውን ግማሽ አንስተህ «የቆረጡበት እንዳይጠፋን» ብለህ በላዩ ላይ ታጋድመዋለህ። ከዚያ ወሬ ታመጣለህ። ወሬው ሲያልቅ የተጋደመውን ታነሳና «እነሆ የቆረጡበት» ትላለህ። ከሥሩ የምትገኘው ግን ከመጀመሪያውም ከክምሩ አናት ላይ የነበረችው ናት። ዘዴው ይኸው ብቻ ነው። ሰነፍ ተማሪ እንኳ የሚደርስበት ነው ብዬ ንቄው ነበር። ሹፌሩን አስቆረጥኩትና አውቶብሱ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ጭቃ ውስጥ የዋለበትን ቀን ጠየቅኩት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራ። ካርታውን ስገልጥ የትኛው ግማሽ የት እንደነበር ጠፍቶታል። የሚያስይዘው እጅ ሳይሆን ወሬው መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ፤ ወሬውም የራሱ የሰውዬው መሆን አለበት።

አባ መስቀላቸውን ወደ ግራ አዛውረው ዳቦ ሲቆርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መቁረጥ አይከብዳቸውም። ወሬው ደግሞ የቆሎ ተማሪ የነበሩበት ዘመን ይሁን አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። በዕድሜ በስምንት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ሌላ ልጅ የሚለኝ ሰው አልቀረም። ጠበሉን ረጩ፤ መስቀል አሳለሙን፤ ተቀመጡ። ባለቤቴ ቆሎ አቀረበችና በረንዳ በኩል ያለውን በር ሳትዘጋ ቆመች። ከበሯ እስከ ምድጃው አምስት እርምጃ ነው፤ በዓይኔ ለክቼዋለሁ።

«ያ ነገር የታለ?» አሉ አባ።

ክምሩን አቀረብኩ። ቆረጡ። አጋደምኩ። 

«አባ፣ በተማሪነትዎ ጊዜ ጮቄ ሥር ነበር አይደል የተማሩት? ብርዱ እንዴት ነበር?»

«ይበርዳል» አሉ።

ወሬው በዚህ አለቀ። ሌላ አላዘጋጀሁም። ገለጥኩ፤ ልብ ሰባት። ከቆሎው ሳህን ሥር ቀድሜ ያስቀመጥኳትን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ «ልብ ሰባት» ይላል። ባለቤቴ አማተበች። አባ ወረቀቱን አዩ፤ ካርታውን አዩ፤ ከዚያ «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ብለው ወደ ጓዳ ላኳት።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ አንስቼ ያስቀመጥኩት ከሥር ያለውን ነው። አንተ ግን የቆረጥኩበት ብለህ የገለጥከው የእሱኑ አናት ነው።»

ተነቃብኝ። ቢሆንም ከሐፍረቱ ይልቅ ጉጉቱ በለጠብኝ። «ሹፌር የሆነ ሰው አላየውም፤ እርስዎ እንዴት አዩት?»

«ብርዱን ስለጠየቅከኝ ነው።» ከቆሎው ጥቂት ዘገኑ። «አራት ተማሪዎች ነበርን። ራቅ ያለው መንደር ሄዶ ለሁላችን የሚለምነው በዕጣ ነበር የሚወጣው። እያንዳንዳችን ጠጠር እንሰጣለን፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳል፤ ጠጠሩ የወጣበት ይሄዳል። እኔ ጠጠሬን ብብቴ ሥር አሙቄ ነበር የምሰጥ። የሚያነሳው ወዳጄ ነው፤ የሞቀውን ይተዋል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አልወጣብኝም። እስከ ዛሬ ከእሱ በቀር ይህን ያወቀብኝ ሰው የለም።»

የንስሐ አባቴ ለእኔ ሲናዘዙ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ታዲያ አባ፣ የኔው ምትሃት ነው?»

«አይደለም፤ ጨዋታ ነው። የኔ ግን ጨዋታ አልነበረም።»

«በምን ይለያል? ሁለታችንም አስይዘናል።»

«የኔ ጓደኞች በውርጭ ሄዱ» አሉ።

ባለቤቴ ውሃውን ይዛ ገባች። ጠጡና ነገሯት፦ ምትሃት አይደለም፤ የእጅ ሥራ ነው፤ ካርታው ይኑር። «አንድ ነገር ብቻ። በገዛ ቤትሽ የሚያስፈራሽ ነገር መኖር የለበትም። አሠራሩን ያሳይሽ፤ ምንም ሳይደብቅ።»

ካርታዬ ከምድጃ ተረፈ፤ ምስጢሬ ግን ተቃጠለ። አባን ሸኝቼ ስመለስ ክምሩን ይዛ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት። ማጋደሙን፣ ወሬ ማምጣቱን፣ ጎረቤታችን ለምን ጠርዙን እንዳነሡ። ጨዋ ሰው ከፊቱ ነው የሚያነሳው ስላት ፈገግ አለች።

«እስቲ ዘርጋልኝ» አለችኝ።

ዘረጋሁ። አመል ነውና ልብ ሰባትን ከፊቷ አደረግኋት። እጇን ሰደደች። ከፊቷ ያለውን አለፈች፤ መሃሉንም አለፈች፤ ልታጎርሰኝ ስትል እንደምታደርገው እስከኔ ድረስ ተንጠራርታ ከአውራ ጣቴ ሥር አንዷን መዘዘች። ለብቻዋ አየቻት። መቀነቷ ውስጥ ከተተቻት።

«የትኛዋ ናት?» አልኳት።

«አንተ ንገረኛ።»

አልመለሰችልኝም። አሁን ያለኝ ሃምሳ አንድ ካርታ ነው። አንድ በአንድ ብደረድረው የጎደለችውን በአንዲት ቅጽበት አገኛታለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሦስት ጊዜ መደርደር ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ።