እንቁላሉ ሳይፈለፈል አልሄድም

ኤሊዋ ቤታችን የገባችው በጆንያ ውስጥ ሆና ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከእብናት ቆላ በአይሱዙ ተሳፍረው መጥተው ጆንያውን ደጃፋችን ላይ ሲያወርዱት፣ እናቴ ጤፍ የመጣላት መስሏት ሰፌድ ይዛ ወጣች። ጆንያው ሲፈታ ድስት የምታክል፣ ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረች ኤሊ ዱብ አለች። ጀርባዋ ከአንገቷ ሥር ጀምሮ እስከ መሃል ተሰንጥቆ ደም ደርቆበታል። እናቴ ሰፌዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንድ ጊዜ ኤሊዋን፣ አንድ ጊዜ ወንድሟን አየች።

አጎቴ ነገሩን እንደ ጥፋተኛ ቆመው አስረዱ። ሲያርሱ ማረሻው አንድ ነገር ነካ፤ ድንጋይ ነው ብለው ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ድንጋዩ እግር አወጣ። ትተዋት እንዳይሄዱ ጅብ አለ፤ እንዳይገድሏት አንጀታቸው እምቢ አለ። በመጨረሻ እኔ ትዝ አልኳቸው። አረብ አገር ሳለሁ የምሠራበት ቤት ልጆች ሁለት ኤሊዎች ነበሯቸው፤ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ የእነሱም ነገር እኔ ላይ ወድቆ ነበር። አንዷ ከደረጃ ወድቃ ስትሰነጠቅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። እንቁላል ስትጥል ደግሞ አባትየው የእንቁላል ማሞቂያ ማሽን ገዛና የማሽኑም ጠባቂ እኔው ሆንኩ። ይህን ስመለስ ለዘመድ ያወራሁት ለሳቅ ነበር። ሁሉም ስቋል፤ አጎቴ ግን ሳይስቁ ይዘውት ቆይተዋል።

"አንች ታውቂበታለሽ" አሉኝና ጆንያቸውን አጥፈው ሄዱ። ጤፉን በሌላ ጊዜ እልካለሁ ብለው እናቴን አጽናኗት።

ከተመለስኩ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣሁት ለማረፍ እንጂ ለመቅረት አልነበረም፤ ቢያንስ ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነበር። ማረፍ ግን አልሆነልኝም። ደብረ ታቦር ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ሰው መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። አብረውኝ የመጡት ልጆች አንድ በአንድ ተመልሰው መሄድ ጀምረዋል። እናቴ ደግሞ ቅሪም ሂጅም አትልም። ጎረቤት ሲጠይቃት "የሰው ዕድል አልዘጋም" ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔ ቶሎ የሚነድደኝ ሰው ነኝና ይህ ዝምታዋ ያበሽቀኝ ነበር። እኔ ሳልኖር በሰላም እንድመለስ ጣራ ገዳም ድረስ ሄዳ ጃንጥላ መሳሏን የነገሩኝ እንኳ አጎቴ ናቸው። እውነት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ያን ሰሞን ጃንጥላ ረክሶ ነበር አለችኝ።

ለማንኛውም ኤሊዋን ማከም ነበረብኝ። ጨው የነካው ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩና ከስንጥቁ ውስጥ አፈሩን በጥጥ አወጣሁ። ከዚያ እናቴ ለጉንፋን ብላ የደበቀችውን ማር አውጥቼ ቁስሉን ቀባሁና በፋሻ ሸፈንኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ጉንፋን ሲይዝሽ እንግዲህ ኤሊዋን ላሻት" አለችኝ።

ቁስሉ እየደረቀ ሲመጣ ውሃ እንዳይገባበት በሰም ልደፍነው አሰብኩ። ቤት ውስጥ ያለው ሰም ግን እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምትሠራበት ነው። ስለዚህ አስፈቀድኳት። እሷም በራሷ ሥልጣን አልወሰነችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ቄሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ኤሊ አትብሉ የሚል እንጂ ኤሊ አታክሙ የሚል የትም አላነበብኩም አሏት። መጥታ ሰሙን ራሷ አቀለጠች፣ ራሷ ደፈነች። እኔ የያዝኩት የኤሊዋን እግር ብቻ ነበር።

ኤሊዋ ክረምቱን ማድቤት ጥግ፣ ካርቶን ውስጥ አሳለፈች። መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ግቢ ለቀቅናት። ቅርፊቷ ገጥሟል፤ የሰም ጠባሳዋን ይዛ የእናቴን ጎመን እየገመጠች ትዞራለች። እናቴ "እንግዳዋ" ነበር የምትላት። እንግዳ እንዲህ ሲሰነብት አይቼ አላውቅም እያለች ታማርራለች፤ ጎመኑን ግን አላጠረችውም።

ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ቆማ በኋላ እግሮቿ አፈር ስትዝቅ አገኘናት። እናቴ ዱላ ፍለጋ ዞረች። እኔ ግን ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ እጇን ይዤ ዝም ብለሽ እይ አልኳት። ቁጭ ብለን አየን። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚመስሉ ስድስት ነጫጭ እንቁላሎች አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ስትጨርስ አፈሩን መለሰችና በሆዷ ጠቀጠቀችው። ከአንች የተሻለ መደብ ደለደለች ብያት እናቴ ተቆጣችኝ፤ ፈገግታዋን ግን መዋጥ አልቻለችም።

አጎቴ የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ መጥተው ኤሊዋን ወደ ቆላዋ መለሷት። እንቁላሎቹ እኛ ጋ ቀሩ። የደብረ ታቦር አፈር ለድንች እንጂ ለኤሊ እንቁላል አይሆንም፤ ከብርዱ አውጥተን ማሞቅ ነበረብን።

ጭቅጭቃችን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። እናቴ መታቀፍ የፈለገች ቀይ ዶሮ ነበረቻትና እናስታቅፋት አለች። አይሆንም አልኩ። ዶሮ እንቁላሏን በየጊዜው ታገላብጣለች፤ የኤሊ እንቁላል ግን ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። እናቴ ዕድሜ ልኳን ዶሮ ያስታቀፈች ሴት ናት፤ የማይገላበጥ እንቁላል ሰምታ አታውቅም። የአረብ ትምህርት ነው ብላ ናቀችው። እኔ ካርቶን ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ሞላሁ፤ እንቁላሎቹን በጉድጓዱ ውስጥ እንደነበሩ ሳላዞር ግማሽ ድረስ ቀበርኳቸው፤ የላይኛው ወገን እንዳይጠፋኝም እያንዳንዳቸው ላይ በእርሳስ የመደመር ምልክት አደረግኩ። በቤታችን ቀን ከሌሊት ሞቆ የሚውል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የዲሹ ሪሲቨር። ካርቶኑ እሱ ላይ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ የሦስቱ ምልክት የለም። እናቴን ጠየቅኳት። ውሸት በአፏ አይዞርም፤ ሲጨንቃት ዝም ትላለች እንጂ አትዋሽም። አንድ ጎናቸው ብቻ እንዳይሞቅ አዝኜላቸው አገላበጥኳቸው አለች። ለምን ሦስቱን ብቻ ስላት፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ምልክቱ መስቀል መሆኑ ታያት፤ መስቀል ወደ መሬት መድፋት ፈርታ ሌሎቹን ተወቻቸው። ጮህኩባት፤ እሷም ጮኸችብኝ። የተገላበጡት ሦስቱ ከጊዜ በኋላ ጠቁረው ሸተቱ፤ ጓሮ ቀበርናቸው። እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም።

በዚያው ሰሞን ወደ አረብ አገር ሰው የምትልከው ደላላ ደወለች። የቀድሞዋ ማዳሜ መልሳ እንደምትፈልገኝና ቪዛውንም እንደምትልክ ነገረችኝ። እሽም እምቢም ለማለት አልተዘጋጀሁም ነበር። ካርቶኑ ፊት ለፊቴ ነበር። "ማርያምን፣ ይኸ እንቁላል ሳይፈለፈል ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እናቴ ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አቆመች።

"ማርያምን ብለሻል" አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንቁላሎቹ ጠባቂ እኔ መሆኔ ቀረ። ለመብራት የምትሰስተው እናቴ ሪሲቨሩ እንዳይጠፋ ቴሌቪዥኑንም አብራ ከፍታ ትውላለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ድምፅ የሌለው ዜና እያየን እንጫወታለን። መብራት ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ ልማዱ ነው፣ ከእኔ በፊት ብድግ ብላ ውሃ ታፈላለች፤ በላስቲክ ጠርሙስ ትሞላና ካርቶኑን ከጠርሙሶቹ ጋር በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች። አጎቴ ለገበያ በመጡ ቁጥር ጎንበስ ብለው ይጎበኙታል። ኤሊዋን ከማሳቸው ዳር እንዳዩአት፣ አሁን ከማረሳቸው በፊት ማሳውን በእግራቸው እንደሚዞሩት አወሩን። በሬዎቼ እየሳቁብኝ ነው ብለው እሳቸውም ሳቁ።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ደላላዋ በደወለች ቁጥር እንቁላሉስ ትለኛለች፤ እኔም ገና ነው እላታለሁ። ትዕግሥት ከእኔ ጋር አልተፈጠረችምና አንድ ቀን ካርቶኑን አውጥቼ ልደፋው ተነሣሁ። እናቴ እጇን ካርቶኑ ላይ አድርጋ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችኝ። ተረቱ የተተረተው ለዶሮ ነው ብላት፣ ኤሊ ከዶሮ በምን ታንሳለች አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እንዲፈለፈል እየተመኘሁ መፈልፈሉን መፍራት ጀምሬ ነበር። ከእናቴ ጋር አሸዋው ደረቀ፣ አልደረቀም እየተባባልኩ ስጨቃጨቅ ደስ ይለኝ ነበር። በሰው ቤት በነበርኩባቸው ዓመታት የሚያዘኝ እንጂ የሚጨቃጨቀኝ ሰው አልነበረም። ግን ቅሪ ያለኝ የለም። ሳይሉኝ መቅረት ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ መብራት ጠፋ። እናቴ ውሃ ታፈላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ከማድቤት ጭስ አልወጣም። ገብቼ ሳያት ከባዘቶ ሙዳይዋ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትላለች። መብራት ጠፍቷል እኮ አልኳት። ይመጣል አለችኝ። ያች ጠርሙስ ለመሙላት ትሮጥ የነበረች ሴት ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ሌላም ነገር ነበር፤ ሰሞኑን ከምንጩ ዳር ማገጥ እየለቀመች፣ ያን ከብት የሚወደውን ቅጠል፣ በቢላ ታደቅቀዋለች። ምን ሊሆን ነው ስላት "ጾም አይደል?" ብላኝ ነበር። እናቴ በጾምም በፍስክም ማገጥ በልታ አታውቅም።

በማግስቱ ቅዳሴ ስትሄድ ካርቶኑን ገለጥኩ። ሦስቱ እንቁላሎች ምልክታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ወረቀት ቀለለኝ። ሳነሳው ልጣጭ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ገና አልተሰነጠቁም። የተፈለፈለውን እንቁላል፣ ምልክት ያለበትን ግማሹን፣ አሸዋው ላይ በጥንቃቄ ደፍታዋለች።

ብዙ አልፈለግኩም። ከጎኗ የማታርቀውን ሙዳይ ከፈትኩት። ባዘቶው ውስጥ የሎሚ ግማሽ የምታክል ኤሊ ተኝታለች። አጠገቧ በስኒ ማስቀመጫ የደቀቀ ማገጥ አለ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳላስበው እንባዬ ቀደመኝ። አንዲት ቃል ከአፏ ማውጣት ያቃታት ሴት ልጇን ለማስቀረት ኤሊ ደበቀች። ሙዳዩን እንደነበረ ከድኜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበሩ። እኔ እንቁላሉ እንዴት ነው እላለሁ፤ እሷ እግዜር ያውቃል ትላለች፤ ስለቀሩት ሁለቱ ከሆነ ይህም ውሸት አይደለም። ሙዳዩ ውስጥ ኮሽ ሲል እሷ ትስላለች፤ እኔ ደንቆሮ እሆናለሁ። ያየሁትን እንዳልነግራት፣ ያን ጊዜ መሄዴን ወይም መቅረቴን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ፈራሁ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ደላላዋ ደወለች። ቪዛው ደርሷል፤ ማዳሟ ከዚህ በላይ አትጠብቅም፤ ወይ እሽ በይ ወይ ለሌላ ሰው ልስጠው አለች። እንቁላሉስ ብላ ስትጠይቀኝ የቀልድ ድምፅ አልነበራትም። ስልኬ ጩኸታም ስለሆነ እናቴ ሁሉንም ትሰማለች። እንዝርቷ ቆመ።

አልተፈለፈለም አልኩ። ደላላዋ አላመነችኝም፤ እስኪ ማርያምን በይ አለችኝ። አፌን ስከፍት የእናቴ እጅ ክንዴን ያዘው። በሌላው እጇ ሙዳዩን ከፍታ ኤሊዋን አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት።

"ተፈልፍሏል" አለች። "ከተፈለፈለ ሰንብቷል፤ ደብቄያት ነው። በሁዳዴ፣ በማርያም ስም፣ በእኔ ምክንያት አትዋሽ።" ከዚያ ዓይኗን ወደ ጥጧ መለሰች። "እንግዲህ መሐላሽ ደርሷል። መሄድ ከፈለግሽ ሂጅ።"

ኤሊዋ መዳፌ ላይ አንገቷን አውጥታ ወደ ጣቶቼ መራመድ ጀመረች። ደላላዋ ሃሎ ሃሎ ትላለች። ያ ሁሉ ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ "ተፈልፍሏል፤ ግን አልሄድም፤ ለሌላ ሰው ስጭው" አልኩና ዘጋሁት።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገችና፣ ማድቤት ማገጥ እንዳለ፣ ሄጄ ለኤሊዋ እንድከትፍላት ነገረችኝ። ከትፌ አመጣሁ። በጣቶቿ አየት አየት አድርጋ ወፍራም ነው ብላ መለሰችው፤ እንደገና ከተፍኩ።